መቼ ነው ሕመም የሚባለው? ከድሬና ከሐረር ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ድሬዳዋ ውስጥ ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ አእምሮ ሕመም የከበዳችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የደረሱኝን እነሆ። የጠያቂዎቹን ስም ትቼ ሰፈራቸውን ብቻ ጽፌያለሁ። በጽሑፍ ማንንም መመርመር አይቻልም፤ ይህን አደራ እንዳትረሱ።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ አቦ፣ አንድን ሰው «ጤነኛ አይደለም» የምትሉት በምን ለክታችሁ ነው? ለየት ያለ ሰው ሁሉ በሽተኛ ነው እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። ባለሙያ አራት ነገር ያያል። ጠባዩ ከተለመደው ወጣ ያለ ነው ወይ? ሰውየው ራሱ እየተሠቃየ ነው ወይ? ሥራው፣ ትምህርቱ፣ የቤተሰብ ኑሮው ተሰናክሏል ወይ? ራሱን ወይም ሌላውን ለአደጋ ያጋልጣል ወይ?

ከአራቱ ደካማው መለኪያ የመጀመሪያው ነው። በጣም ጎበዝ ተማሪም እንደ ልብ አይገኝም፤ በሽተኛ ግን አንለውም። የተለመደ የሚባለውም እንደየአገሩ ነው። ሐረር ከምሳ በኋላ ጫት ይዞ መቀመጥ ማንንም አይገርምም፤ ሌላ ቦታ ያስደነግጣል። ከዚህ የከፋም አለ። እ.ኤ.አ. በ1851 ካርትራይት የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከጌቶቻቸው የሚያመልጡ ባሮችን «ታመው ነው» ብሎ ለማምለጣቸው የበሽታ ስም አወጣለት። ነፃነት መፈለግ በሽታ ተባለ! ለዚህ ነው እኔ ሁልጊዜ ሥቃዩንና የኑሮውን መሰናከል የማስቀድመው።

አራተኛውን ደግሞ ሰው ያጋንነዋል። አብዛኛው የአእምሮ ሕመምተኛ ማንንም አይነካም። እንዲያውም ድንጋይ የሚወረወርበት እሱ ነው።

ሰፈር ውስጥ ዓይናችን የሚገባው ጨርቁን የጣለው ብቻ ነው። በሩን ዘግቶ ሳምንት የተኛውን፣ እየሠራች እየሳቀች ሌሊቱን ዓይኗ ሳይከደን የምታነጋውን ማንም አያይም። እኔን የሚያሳስቡኝ እነሱ ናቸው።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ አባታችን ካረፈ ሦስት ወር ሆነው። እናታችን አሁንም ታለቅሳለች። ድባቴ ይዟት ይሆን?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ሦስት ወር ለሐዘን ገና ነው። ሐዘን መጣ ሄድ ይላል፤ ስሙ ሲነሳ ታለቅሳለች፣ የልጅ ልጅ ሲመጣ ፈገግ ትላለች። የሚወዱትን ማልቀስ ሕመም አይደለም። የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች (የአእምሮ ሐኪሞች) እ.ኤ.አ. በ2022 ባሻሻሉት የሕመም መለያ መመሪያቸው ያልበረደ ሐዘንን እንደ ሕመም ሲጨምሩ እንኳ፣ ለአዋቂ ቢያንስ ዓመት እንዲሞላው አድርገዋል።

ድባቴ ግን አይለቅም። ቀኑን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ፣ በየቀኑ፣ ቢያንስ 2 ሳምንት ይቆያል። ከ9 ምልክቶች 5ቱ መታየት አለባቸው። ከ5ቱ አንዱ የግድ የስሜት መውደቅ ወይም የሚወዱትን ነገር መጥላት ነው። ሌሎቹ የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ ድካም፣ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ፣ ራስን መውቀስ፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻልና ሞትን ማሰብ ናቸው።

እኛ አገር ድባቴ ብዙ ጊዜ «ከፋኝ» እያለ አይመጣም። ራሴን አመመኝ፣ ጨጓራዬን አቃጠለኝ፣ ጉልበት አጣሁ እያለ ነው የሚመጣው። ሰውየው ለታይፎይድ ደጋግሞ ይመረመራል፤ እንቅልፍህስ፣ ልብህስ እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም።

እናታችሁን «መኖር ያስጠላሻል ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቋት። መጠየቃችሁ ሐሳቡን አያመጣባትም። ሞትን እንደምታስብ ከነገረቻችሁ ብቻዋን አትተዋት፤ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰዷት።

ጥያቄ (ከመጋላ)፦ ድንገት ልቤ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ አሁን ሞትኩ እላለሁ። የልብ ምርመራው ንጹሕ ነው አሉኝ።

መልስ፦ የምትገልጸው ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ይመስላል። በደቂቃዎች ውስጥ ጣራ ይነካና ይበርዳል። አንዴ መምጣቱ ሕመም አያሰኝም። ያለ ምክንያት እየተደጋገመ፣ «ደግሞ መቼ ይመጣብኝ ይሆን» የሚለው ስጋት አንድ ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይ፣ ወይም ባጃጅና ገበያ መሸሽ ስትጀምር ነው ሕመም የሚባለው። እንቅርትና የደም ማነስም ልብ ያስደልቃሉና እነሱንም ተመርመር። ቡናና ጫት ቀንስ። በንግግር ሕክምና በደንብ ይሻላል።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ሸንኮር)፦ ወንድሜ ከበርጫ ከተነሳ በኋላ ሌሊቱን አይተኛም። ሰዎች ይከታተሉኛል ይላል። ጫቱ ነው ወይስ አብዷል?

መልስ፦ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ አነቃቂ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው ጫት የጫኑት መኪኖች እንደዚያ የሚበሩት። ብዙ ሰው ቅሞ፣ መርቅኖ፣ ተኝቶ ያድራል። አንዳንዱን ግን፣ በተለይ በብዛት የሚቅመውን፣ ጥርጣሬና የሌለ ድምፅ መስማት ውስጥ ይከተዋል።

የሚለየው በጊዜ ነው። ካቆመ በኋላ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ከለቀቀው ጫቱ ያመጣው ነው። አቁሞ ወር አልፎትም ካለ ግን ከጫቱ ውጪ ሌላ ሕመም መፈለግ አለበት። ሲያቆም ዱካክ፣ ድብርትና ሀራራ ሊያስቸግረው ይችላል፤ ያልፋል። ምርቃናውን በጨብሲ፣ ማለት በመጠጥ፣ መስበር ግን ይቅርበት። አንድ ችግር ነበረው፣ ሁለት ይሆንበታል። «አብደሃል» አትበለው፤ እንዳልተኛ ንገረውና ከዚያ ጀምር። እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ሐኪም ቤት መሄድ ማንንም አያሳፍርም።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ጁገል)፦ እህቴ ብቻዋን ታወራለች። ቤተሰቡ ጂኒ ነው ይላል። ሕመም መሆኑን በምን እናውቃለን?

መልስ፦ እምነታችሁን አልነካም። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የአሜሪካኖቹ መመሪያ እንኳ ዛርን በስሙ ጠቅሶ፣ በአካባቢው እንደ ሕመም እንደማይታይ ጽፎ ነበር። ሰው ከማኅበረሰቡ ጋር፣ በሥርዓቱና በወቅቱ የሚያየው ነገር ሕመም አይባልም።

ብቻዋን ስትሆን ድምፁ የሚያዛት ከሆነ፣ ንግግሯ ካልተያያዘ፣ መታጠብና መብላት ከተወች፣ ዘመዶቿን ጠላቶቼ ናቸው ካለች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስኪዞፍሬኒያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ ሕመም) ለማለት የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ወር፣ አሜሪካኖቹ ስድስት ወር ይጠብቃሉ። እናንተ ግን ይህን አትጠብቁ፤ ቶሎ የታከመ ይበልጥ ይሻለዋል። ዱዓውም ጸሎቱም ከመድኃኒቱ ጋር ይሄዳል። መድኃኒቱን አታስቋርጧት። በገመድም በሰንሰለትም አትሰሯት።

ጥያቄ (ከለገሀሬ)፦ ጠዋት ደስ ይለኛል፣ ማታ ይከፋኛል። ባይፖላር ነኝ?

መልስ፦ በዚህ ብቻ አይባልም። ባይፖላር ስሜት አንዴ ከልክ በላይ ከፍ የሚልበት፣ አንዴ የሚወድቅበት ሕመም ነው። ከፍታው በሰዓታት አይለዋወጥም፤ ቀናት ይቆያል፣ ከባዱ ደግሞ ቢያንስ ሳምንት፤ ሰውየው ሳይተኛ አይደክመውም፣ ገንዘቡን ይበትናል፣ የሚያቆመው የለም።

ጥያቄ (ከደቻቱ ዳር)፦ ከጎርፉ ወዲህ ዝናብ ሲመጣ እናቴ አትተኛም።

መልስ፦ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የሆነውን ከተማው አይረሳውም። ደቻቱ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ውሎ፣ ደጋው ላይ ሲዘንብ በሌሊት የሚሞላ ወንዝ ነው። ስለዚህ ወንዝ ዳር ያለ ሰው ደመና አይቶ ቢነቃ ጥንቃቄ ነው እንጂ ሕመም አይደለም። ዝናብ በሌለበት ወር በቅዠት ከጮኸች፣ ያንን ሌሊት ነቅታ እያለች ዳግም ካየችው፣ በዚያ መንገድ ማለፍ ካቃታት፣ በትንሽ ድምፅ ከደነበረች ግን በሕክምና የሚረዳ ጠባሳ ነው። ዓመታት ቢያልፉም አልረፈደም።

ጥያቄ (ብዙዎቻችሁ)፦ የት እንሂድ?

መልስ፦ ድሬ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል። መድኃኒት የሚያዘው ሳይካትሪስቱ ወይም በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነው ባለሙያ ነው፤ ሳይኮሎጂስት በንግግር ያክማል። ስትሄዱ አራት ነገር ይዛችሁ ሂዱ፦ መቼ እንደጀመረ፣ ከዚያ ወዲህ ምን መሥራት እንዳቃተው፣ እንቅልፉ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ምን እንደሚቅም፣ እንደሚጠጣና እንደሚወስድ። የመጨረሻውን ሳትደብቁ ተናገሩ።