ቤት ውስጥ ያማረው ችግኝ መደብ ላይ ለምን ይሞታል?

ጥያቄ፦ «ቲማቲምና ቃሪያ በፕላስቲክ ኩባያ ዘርቼ፣ ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ አስቀምጬ ደህና በቅሎልኝ ነበር። ረዘም ሲልልኝ ግማሹን አውጥቼ መደብ ላይ ተከልኩት። በ3ኛው ቀን ቅጠሉ ነጥቶ ጠወለገ። ጠዋትና ማታ ውሃ ባጠጣውም አልዳነም። ዘሩ ነው ወይስ በሽታ? 12 ችግኝ ቀርቶኛል።»

መልስ፦ ዘሩን አይጠርጥሩት፤ በደህና በቅሎልዎታል። በሽታም አይመስለኝም። ችግኝ የሚያበሰብሰው ሻጋታ አፈር የሚነካውን የግንዱን አንገት አቅጥኖና አጥቁሮ ነው የሚጥለው። ቆራጭ ትልም ቢሆን ግንዱን ሌሊት ቆርጦ ያጋድመዋል እንጂ ቅጠል አያነጣም። እርስዎ ግን «ነጥቶ» ብለዋል፤ ችግኙን ቀስ በቀስ ከውጭው ፀሐይና ነፋስ ጋር ስለ ማላመድም አንዲት ቃል አልጻፉም። ችግኙ ከመስኮት ተነስቶ በቀጥታ መደብ ላይ አርፏል ማለት ነው። የገደለው ፀሐይ ነው።

ጥላ ውስጥ ያደገ ቅጠል ስስ ነው። ውሃው በቶሎ እንዳይተንበት የሚሸፍነው ሰም መሰል ልባስ ገና አልወፈረም፤ ግንዱም ነፋስ ስላልወዘወዘው ለስላሳ ነው። ሥሩ ደግሞ ሲተከል ስለሚረበሽ ከላይ የሚተነውን ውሃ ከሥር መተካት ያቅተዋል።

መድኃኒቱ ገንዘብ አያስወጣም፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ትዕግስት ብቻ ነው የሚፈልገው። በቀሩት 12 ችግኞች ነገ ይጀምሩ። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ከነኩባያቸው ወደ ውጭ አውጥተው፣ ነፋስ የማይበረታበት ጥላ ሥር ለ2 ሰዓት ያህል ያቆዩአቸውና ወደ ቤት ይመልሷቸው። በ3ኛው ቀን የጠዋት ፀሐይ ለ1 ሰዓት ያግኛቸው። ከዚያ በየቀኑ 1 ወይም 2 ሰዓት ይጨምሩ፤ የቀትር ፀሐይን ግን እስከ መጨረሻዎቹ ቀናት ያቆዩት። ቅጠሉ ላይ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ካዩ ወይም ከጠወለገ በማግስቱ ሰዓቱን አይጨምሩ፤ ወደ ቀደመው ቀን መጠን ይመለሱ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውሎ ቀጥ ብሎ ከታየ፣ የመጨረሻዎቹን 2 ሌሊቶች ውጭ ያሳድሩት። ቲማቲምና ቃሪያ ብርድ ስለማይችሉ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሚወርድ ከሆነ ግን ያስገቧቸው።

በእነዚህ ቀናት ውሃውንም ቀነስ ያድርጉት፤ የአፈሩ ገጽ ሲደርቅና ኩባያው ሲያነሱት ሲቀል ያጠጡ። እስኪጠወልግ ማስጠማት ግን ማላመድ አይደለም፤ ተክሉን መጉዳት ነው።

አንድ ነገር ግን ልቆጣዎት፣ ብዙ ጀማሪ ሲያደርገው ስለማይ ነው። ተክል በጠወለገ ቁጥር ውሃ አይድፉበት። መጀመሪያ ጣትዎን 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ወደ አፈሩ ያስገቡ። እርጥብ ከሆነ ችግሩ ውሃ ማጣት አይደለም፤ ተጨማሪው ውሃ አየሩን ከአፈሩ አስወጥቶ ሥሩን ያፍነዋል፣ ያበሰብሰዋልም። የተቃጠለ ቅጠል የሚፈልገው ጥላ ነው።

ሲተክሉ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ወይም ደመና ባለበት ቀን ይሁን። ሊተክሉ 1 ሰዓት ሲቀርዎት ኩባያውን ያጠጡና ችግኙን ከነአፈሩ ያውጡት፤ መያዝ ካለብዎት ቅጠሉን እንጂ ግንዱን አይጨብጡ፤ ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ያወጣል፣ ግንዱ ከተቀጠቀጠ ግን ተክሉ አበቃለት። ቲማቲሙን እስከ ታችኞቹ ቅጠሎች ድረስ ጠለቅ አድርገው ይትከሉት፤ የተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል። ቃሪያውን ግን ኩባያው ውስጥ በነበረበት ልክ ይትከሉት። ለ3 ቀን ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ከፀሐይ በኩል ሰክተው ያጥሉለት።

«ረዘም ሲልልኝ» ያሉትም አሳስቦኛል። መስኮት ሥር ቶሎ የረዘመ ችግኝ ብርሃን ፍለጋ የተሳበ ነው። ለመትከል ቁመቱን አይለኩ፤ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የዘር ቅጠሎች ሌላ ከ4 እስከ 6 እውነተኛ ቅጠል ያለውና ግንዱ ጠንከር ያለው ነው የደረሰው። በሚቀጥለው ዘር፣ ቡቃያው ብቅ ባለበት ቀን ከመስኮቱ ጋር ያስጠጉትና ኩባያውን በየቀኑ ያዙሩት።