ለልጅ የሚቀርብ ረጅም የቤዝቦል ኮንትራት፦ እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ማታ ከሥራ ስገባ አነበብኩት። ልጅሽ 18 ዓመቱ ነው፣ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ነው፣ ዘንድሮ ቨርጂንያ ውስጥ ሃይስኩል ይጨርሳል። ሮማን አንቶኒ የሚባለው የቦስተን ቡድን ተጫዋች በ21 ዓመቱ የ8 ዓመት፣ የ130 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት መፈረሙን ስትሰሙ ቤታችሁ ክርክር ተነሳ። አባቱ «ብልህ ልጅ ነው» አለ። አጎቱ «ተሸወደ፣ ቢጠብቅ እጥፉን ያገኝ ነበር» አለ። አንቺም «ረጅም ውል ለልጅ ይጠቅማል ወይስ ወጥመድ ነው? ነገ ለእኛ ልጅ ወረቀት ቢመጣ ምን እንበል?» ብለሽ ጠየቅሽ።

ብዙ ሰው «ይጠብቅ፣ አይቸኩል» ብሎ መልሶልሻል። እኔ «ይፈርም» ነው የምልሽ። ከቴሌቪዥን ሰምቼ አይደለም። ወረቀቱ እኔ ቤት መጥቶ ነበር። «ይጠብቅ» ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ። አንቺ ስላልኩሽ አትቀየሚኝ፤ በዕድሜ ታላቅሽ ሳልሆን አልቀርም።

የጨዋታውን ሕግ ታውቂዋለሽ፣ በቀጥታ ወደ ገንዘቡ ልግባ።

1. «ይጠብቅ» የሚለውን ሰው «ስንት ዓመት?» ብለሽ ጠይቂው። ሜጀር ሊግ፣ ማለትም ዋናው የቤዝቦል ሊግ፣ የገባ ልጅ በነፃነት ቡድን ለመምረጥ ስድስት ሙሉ ዓመት ማገልገል አለበት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት አብዛኛው ልጅ የሚከፈለው ዝቅተኛውን ደሞዝ ወይም ለዚያ የቀረበ ነው። በ2025 ዝቅተኛው 760,000 ዶላር ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ዓመታት በድርድር፣ ካልተስማሙም በአርቢትሬሽን፣ በገለልተኛ ዳኛ፣ ይወሰናሉ። አንድ ዓመት የሚሞላው ደግሞ በ172 ቀን ነው። ቡድኑ ልጁን ጥቂት ሳምንት አዘግይቶ ካስገባው አንድ ዓመት ይጨመርበታል። ስለዚህ በ21 ዓመቱ የገባ ልጅ ትልቁን ገበያ የሚያየው 27 ወይም 28 ሲሞላው ነው። እስከዚያ ድረስ ክርኑም ጉልበቱም ጤነኛ ሆነው መቆየት አለባቸው።

አንቶኒ የፈረመው በ2025 ኦገስት ነው። ሜጀር ሊግ ከገባ ገና ሁለት ወሩ ነበር። ሴፕቴምበር ሲገባ የጎን ጡንቻው ተጎዳና የዓመቱን ቀሪ ጨዋታ በሙሉ ሳይጫወት ቀረ። ይህን እንደ እናት አስቢው። ከፊርማው በኋላ የደረሰ ጉዳት ሕመም ነው፣ ይታከማል። ከፊርማው በፊት ቢሆን ኖሮ ጭንቀቱ ሌላ ነበር።

የአትላንታውን አኩኛንም እይው። በ2019፣ በ21 ዓመቱ ለ8 ዓመት 100 ሚሊዮን ሲፈርም ስንቱ አዘነለት። በ2021 ቀኝ ጉልበቱ ተበጠሰ። በ2023 የሊጉ ኮከብ ተብሎ ተመረጠ። በ2024 ግራ ጉልበቱ ተበጠሰ። ደሞዙ ግን አንድም ቀን አልተበጠሰም። ቤዝቦል ውስጥ የተፈረመ ደሞዝ በጉዳት ምክንያት አይቀርም። ከአሜሪካን ፉትቦል የሚለየው አንዱ ይህ ነው።

2. «ሶቶስ?» ይሉሻል። እኛ ዲሲ አካባቢ ያለን ሰዎች የሁዋን ሶቶ ነገር እስካሁን ያንገበግበናል። በ2022 የዲሲው ቡድን ናሽናልስ ለ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ቢያቀርብለት እምቢ አለ። ተሸጠ። በ2024 ዲሴምበር ኒውዮርክ ሜትስ በ765 ሚሊዮን ወሰደው። የልጅሽ አጎት ይህን እንደሚጠቅስ ሳልሰማው አውቃለሁ። ግን ሶቶ እምቢ ባለበት ዓመት ደሞዙ 17 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሆዱ ሞልቶ ነው እምቢ ያለው። እኔና አንቺ የቤት ኪራይ እያሰብን እንደ ሶቶ እንደራደር ማለት አይሆንም።

ቡድኑ ለምን ይከፍላል ካልሽ፣ ስለሚያዋጣው ነው። የልጁን የጉልበት ዘመን ነው የሚገዛው። ናሽናልስ ለፒቸሩ ለስትራስበርግ በ2019 መጨረሻ፣ በ31 ዓመቱ፣ ለ7 ዓመት 245 ሚሊዮን ሰጠው። ከዚያ በኋላ የተጫወተው 8 ጨዋታ ብቻ ነው። በልጅ ላይም መክሰር አለ። ሂውስተን በ2014 ጆን ሲንግልተንን አንድም የሜጀር ሊግ ጨዋታ ሳይጫወት ለ5 ዓመት 10 ሚሊዮን አስፈረመው፣ ልጁ ግን አልሆነለትም። ያኔ «ራሱን በርካሽ ሸጠ» ብለው የወቀሱት የሙያ ጓደኞቹ ጭምር ነበሩ። ቢጠብቅ ኖሮ ምን ሊያገኝ ነበር? ለቡድን 10 ሚሊዮን መክሰር የአንድ ቀን ወሬ ነው። ለአንድ ቤተሰብ ግን ያ ገንዘብ የልጅ ልጅ የሚያሳድር ነው።

3. ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቢ።

ይህን ምክር በአንድ መስመር ልተወው አስቤ ነበር። አልቻልኩም።

2013 ጁን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነን። ቀን ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ማታ ታክሲ እነዳለሁ። ልጄ እንደ ልጅሽ ፒቸር ነበር። እጁ በረከት ነበረው። ቡድኖች አዳዲስ ልጆችን በየተራ በሚመርጡበት በድራፍቱ ሦስተኛ ቀን፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ ስሙ ተጠራ። ባለቤቴ እልል ስትል ጎረቤት በር አንኳኳ። በሳምንቱ የቡድኑ ሰው መጣ። ሽማግሌ ነው፣ የተረጋጋ። ቡና ተፈልቶለት እስከ በረካ ጠጣ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰማያዊ ፎልደር አስቀምጦ «ሁሉንም ገጽ አንብቡት» ብሎን ሄደ።

እኛ ያነበብነው የመጀመሪያውን ገጽ ነው። 100,000 ዶላር ይላል። በዘመኔ እንዲህ ያለ ቁጥር ከስሜ አጠገብ ተጽፎ አይቼ አላውቅም። ደስም አለኝ፣ ፈራሁም።

አንድ አማካሪ ነበረን፣ በሌላ ወላጅ በኩል ያገኘነው። «ኮሌጅ ይግባ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ አምስት እጥፍ ያገኛል» አለን። የባለቤቴ ወንድም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ። ባለቤቴ «ትምህርቱን ይጨርስ፣ ኳስ ለዘላለም አይደለም» አለች። እኔም ያንኑ ፈለግሁ። ለትምህርት ብዬ እዚህ አገር መጥቼ ሳልጨርስ የቀረሁ ሰው ነኝ። ልጄ መፈረም ፈልጎ ነበር። ፊቴን አየና «እንዳልክ አባዬ» አለ። እምቢ አልን።

ኮሌጁ ስኮላርሺፕ ሰጠው ብለን ለዘመድ ሁሉ ደወልን። ሙሉ ግን አልነበረም። የዚያን ጊዜ አንድ ትልቅ የኮሌጅ ቤዝቦል ቡድን የነበረው ጠቅላላ ስኮላርሺፕ 11.7 ሲሆን እስከ 27 ተጫዋች ድረስ ይከፋፈለው ነበር። ለእኛ የደረሰን 40 በመቶ ነው። የቀረውን ተበደርን።

በሁለተኛ ዓመቱ፣ ማርች ላይ፣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ደወለልኝ። «አባዬ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ» አለ። የክርን ጅማቱ ተበጥሶ ነበር። ቶሚ ጆን የሚሉት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከዚያ በኋላ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ መጠበቅ ነው። የልጄ እጅ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም።

በዚያው ክረምት ስኮላርሺፑ ለሚቀጥለው ዓመት እንደማይታደስ ደብዳቤ መጣ። ሌሊቱን ስነዳ አድሬ፣ ሳልተኛ አራት ሰዓት ነድቼ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሠራተኛ ቀና ብላ አላየችኝም። «በየዓመቱ ነው የሚታደሰው፣ የእሱ አልታደሰም፣ ሌላ ጥያቄ አለ?» አለችኝ። ኃላፊውን ላናግር ስላት ቀጠሮ በኢሜይል ነው አለች። እስከ አሥር ሰዓት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አሥር ሰዓት ሲሆን መስኮቱን ዘጋችው። የሁለት ዓመት ተማሪያቸውን አንድ ጊዜ እንኳ በስሙ አልጠራችውም። በመታወቂያ ቁጥሩ ነበር የምታወራኝ። ዛሬም ሳስበው ደረቴን ያቃጥለኛል።

ቤት ገብቼ የኢንሹራንስ ወረቀት ስፈልግ ያ ሰማያዊ ፎልደር ከመሳቢያው ሥር ወጣ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አራተኛው ገጽ ላይ፣ ልጁ ኳስ ሲያቆም ቡድኑ የኮሌጅ ወጪውን ይከፍላል ይላል። ስምንት ሴሚስተር። በየሴሚስተሩ የሚከፈለው ገንዘብ በቁጥር ተጽፏል። ካቆመ በሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርት መጀመር ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

እህቴ፣ እኛ ትምህርት ይቅደም ብለን እምቢ ባልነው ወረቀት ውስጥ ትምህርቱ ተጽፎ ነበር። ክርኑ ያው ቢበጠስ እንኳ 100,000ውም ትምህርቱም በእጁ ነበሩ። አማካሪው ያን ገጽ አንድም ቀን አላነሳልንም። ከዚያ በኋላ ስልኬን አላነሳም።

አሁን የምኮራበትን ልንገርሽ። ልጄ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባ፣ ማታ ማታ መጋዘን እየሠራ ወደ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፣ ጨረሰ፣ ቀጠለ። ዛሬ ፊዚዮቴራፒስት ነው። የልጆች ክርን እያየ ይውላል። አንድም ቀን «አባዬ አንተ ነህ» ብሎኝ አያውቅም። «ታዲያ መጨረሻው አማረ» የሚሉኝ አሉ። አማረ። ብድሩን ከፍለን የጨረስነው ግን ባለፈው ዓመት ነው።

የእኔ 100,000 እና የአንቶኒ 130 ሚሊዮን አንድ አይደሉም፣ አውቃለሁ። ጥያቄው ግን አንድ ነው። እጁ ደኅና ሳለ የቀረበውን የተረጋገጠ ገንዘብ ትወስጃለሽ ወይስ ገና ያልመጣውን ትጠብቂያለሽ? እኛ ቤት የተጠበቀው «ላም አለኝ በሰማይ» ሆኖ ቀረ።

4. ይፈርም ስልሽ የመጣውን ሁሉ ማለቴ አይደለም። ሜጀር ሊግ ደርሶ ረጅም ውል ከመጣ ጭራውን እይ። አትላንታ በዚያው በ2019 ኦዚ አልቢስን በ22 ዓመቱ ለ7 ዓመት 35 ሚሊዮን አስፈረመችው። መጨረሻው ላይ ቡድኑ ከፈለገ በዓመት 7 ሚሊዮን ከፍሎ ልጁን የሚያቆይበት ሁለት ተጨማሪ ዓመት አለ። እኔ የሚያናድደኝ ያ ጭራ ነው። ዋናዎቹን ዓመታት ስጡ፣ ሂሳባቸው ግልጽ ነው። የቡድን ምርጫ የሚሉትን ዓመት ግን በርካሽ አትስጡ። ድርድሩ እዚያ ላይ ይሁን።

ሌላው፣ ልጁ ከሜጀር ሊግ በታች ወዳለው ማይነር ሊግ ሲገባ «አሁን ገንዘብ እንሰጥሃለን፣ ወደፊት ከምታገኘው በመቶኛ ትሰጠናለህ» የሚሉ ኩባንያዎች ይመጣሉ። የሳንዲያጎው ተጫዋች ፈርናንዶ ታቲስ ጁኒየር ገና በልጅነቱ እንዲህ ያለ ወረቀት ፈርሞ፣ በኋላ 340 ሚሊዮን ሲፈርም ጣጣው ተከተለው። በ2025 ኩባንያውን ከሰሰ። ያ ከቡድን ኮንትራት ጋር አንድ አይደለም። ያለ ጠበቃ እንዳትነኩት። ጠበቃውን በሰዓት ክፈሉት፣ ከውሉ ድርሻ የሚያገኝ ሰው አይሁን።

ወረቀት ሲመጣ ደውይልኝ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነፃ ነኝ። አብረን ቁጭ ብለን ገጽ በገጽ እናነበዋለን፣ አንቺም አባቱም አጎቱም ባሉበት። ጥያቄሽን ለልጄም አሳየሁት። የገንዘቡን ነገር አልጠየቀኝም። «ልጁ ዘንድሮ ስንት ኢኒንግ ወረወረ? በጨዋታዎቹ መካከል ስንት ቀን ያርፋል? ጣቱን ይደነዝዘዋል ወይ?» ብለህ ጠይቅልኝ ነው ያለው። እስቲ ጠይቂውና እዚሁ ጻፊልኝ።