ስትሮንሺየም ኢሪዴት፦ ፌሮማግኔት ነው ወይስ አንቲፌሮማግኔት?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይህ ነው፦ ስትሮንሺየም ኢሪዴት (ሁለት ስትሮንሺየም፣ አንድ ኢሪዲየም፣ አራት ኦክስጅን ያለው) አንቲፌሮማግኔት (የአቶሞቹ ጥቃቅን ማግኔቶች ተቃራኒ ሆነው የሚሰራረዙበት ቁስ) ነው ይባላል። የማግኔትነቱ ግራፍ ላይ ግን በትንሽ ማግኔታዊ መስክ ፌሮማግኔት (ጥቃቅን ማግኔቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን የዞሩበት) ይመስላል። የቱ ነው ልክ? ለሁለተኛ ዲግሪሽም በኮምፒውተር ልታሰይው አስበሻል። እኔም እዚሁ ጎንደር ሆኜ በዚህ ቁስ ላይ ስለሠራሁ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

አንቲፌሮማግኔት ነው። ስፒኖቹ (የኤሌክትሮኖቹ ጥቃቅን ማግኔቶች) ግን ፍጹም ተቃራኒ አይደሉም። ሁለት ሰዎች ገመድ ሲጓተቱ ሁለቱም ትንሽ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብሉ አስቢ። ጉተታው ይሰራረዛል፣ ያዘነበሉት ግን ይደመራል።

ለምን ያዘነብላሉ? ኢሪዲየምን የከበቡት ስድስት ኦክስጅኖች የሠሩት ኦክታሄድሮን (ባለ ስምንት ገጽ ቅርጽ) 11 ዲግሪ ገደማ ዞሯል። የኢሪዲየም የስፒንና የኦርቢት ጥምረት (ስፒኑ ኤሌክትሮኑ በአቶሙ ዙሪያ ከሚያደርገው ዙረት ጋር መተሳሰሩ) 0.4 ኤሌክትሮን ቮልት ስለሚደርስ ሞመንቱ፣ ማለትም የአቶሙ ማግኔት፣ ከኦክታሄድሮኑ ጋር ተቆልፎ አብሮ ይዞራል። እኔን የማረከኝ ይህ ነው። ኢሪዲየም ሳይሆን መዳብ ያለው ላንታነም ኩፕሬት ላይ ኦክታሄድሮኑ ቢያጋድልም ስፒኑ የሚያዘነብለው ከ1 ዲግሪ በታች ነው፤ የመዳብ ጥምረት ደካማ ነዋ!

እያንዳንዱ ንብርብር ትንሽ ማግኔት አለው ማለት ነው። የንብርብሮቹ ማግኔቶች ግን በየንብርብሩ ላይ እንደተኙ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ተደርድረው ድምሩ ዜሮ ይሆናል። 0.2 ቴስላ ገደማ መስክ ስትሰጪው ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይዞራሉ። ግራፍሽ ላይ ያየሽው እሱን ነው። ይህ ማግኔታዊ ሥርዓት የሚጀምረው ከ240 ኬልቪን በታች፣ ማለትም ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ላይ ነው። የደባርቅ ውርጭም አይደርስበትም።

ወደ ስሌቱ ስንመጣ፣ የስፒን-ኦርቢት ጥምረቱን ብቻ ብታስገቢ ቁሱ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ሆኖ ይወጣል። የኤሌክትሮኖቹን መገፋፋት፣ ዩን፣ ብቻ ብታስገቢም ያው ነው። ኢንሱሌተር (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ) የሚሆነው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ተመራማሪው ኪምና ባልደረቦቹ ይህን ያሳዩት በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ዩን ከ2 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ጀምሪ።

ኳንተም ኤስፕሬሶ የተባለውን የስሌት ፕሮግራም የምትጠቀሚ ከሆነ ስፒናቸው ተቃራኒ የሆነውን ሁለቱን ኢሪዲየሞች በተለያየ ስም አስገቢያቸው። ያለዚያ የተለያየ አቅጣጫ ልትሰጫቸው አትችይም። አንግል አንድን (ስፒኑ ከቁም ዘንጉ ያለውን ማዕዘን) ለሁለቱም 90 አድርጊ፤ አንግል ሁለትን (በንብርብሩ ላይ ያለውን አቅጣጫ) ለአንዱ 11፣ ለሌላው 169። ሲያልቅ የወጣውን አንግል ከኦክታሄድሮኑ ዙረት ጋር አወዳድሪ፤ በጣም ከተራራቁ ስሌቱን አትመኚው። ሱዶፖቴንሻሉም (የአቶሙን የውስጥ ኤሌክትሮኖች የሚተካው ፋይል) ሙሉ ሬላቲቪስቲክ፣ ማለትም የስፒን-ኦርቢት ጥምረትን የያዘ፣ መሆን አለበት፤ ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው።

መብራት ነገር ደግሞ አለ። እኛ ጋ ሳይታሰብ ስለሚሄድ በኢንፑት ፋይሉ (መመሪያ የምትሰጪበት ፋይል) ውስጥ ማክስ ሰከንድስ የሚለውን የሰዓት ገደብ አጠር አድርገሽ ሙዪ። ፕሮግራሙ ሰዓቱ ሲሞላ ራሱ ፋይሉን አስቀምጦ ይቆማል፣ ከቆመበት ትቀጥያለሽ። ላፕቶፕሽ ባትሪው ደካማ ከሆነ ይህን እንዳትዘልይ።

ጊዜ ካለሽ ባለ ሁለት ንብርብሩን ወንድሙንም ጨምሪ፤ ሦስት ስትሮንሺየም፣ ሁለት ኢሪዲየም፣ ሰባት ኦክስጅን ያለውን። እዚያ ሞመንቶቹ ከንብርብሩ ወጥተው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ማግኔታዊ ሥርዓቱም 285 ኬልቪን ገደማ ላይ ይጀምራል። አንድ ንብርብር መጨመር አቅጣጫውን እንዲህ መገልበጡ ለቴሲስ የሚበቃ ጥያቄ ነው። ኢንፑት ፋይልሽን እዚሁ ልቀቂው፣ አየዋለሁ።