ስለ ጎድዚላው ኤይጂ ጹቡራያ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ ስለ ጃፓን የድሮ ፊልሞች ስናወራ ስለ ጹቡራያ ብዙ ጥያቄ ስለመጣ ለብቻው እንነጋገርበት። ስራዎቹን ለዓመታት ስከታተል ስለኖርኩ የማውቀውን እነግራችኋለሁ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

ጥያቄ፦ ሰውየው ዳይሬክተር ነው?

መልስ፦ ጎድዚላን፣ ማለትም ግዙፍ ጭራቅ ቶኪዮን የሚያፈርስበትን የ1954ቱን ፊልም፣ ዳይሬክት ያደረገው ኢሺሮ ሆንዳ ነው፣ ጹቡራያ የስፔሻል ኢፌክቱ አለቃ ነበር፤ ከተማው ሲፈርስ ባቡሩ ሲገለበጥ ምናምን የምታዩት የሱና የቡድኑ ስራ ነው። በ1901 ፉኩሺማ ውስጥ ሱካጋዋ ተወለደ፣ እናቱ ገና በልጅነቱ ሞታ ዘመድ ነው ያሳደገው። ህልሙ ፓይለት መሆን ነበር፣ ሃኔዳ የበረራ ትምህርት ቤት ገብቶ ሁሉ ነበር ግን አስተማሪው በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት ትምህርት ቤቱም ተዘጋ፣ ከዛ በ1919 ወደ ካሜራ ስራ ዞረ።

ጥያቄ፦ ኪንግ ኮንግን (የ1933ቱን የአሜሪካ የግዙፍ ጎሪላ ፊልም) አይቶ ነው የጀመረው ይባላል

መልስ፦ ያኔ ካሜራማን ከሆነ ቆይቷል፣ ኢፌክት ላይ ሙጭጭ እንዲል ያደረገው ግን እሱ ፊልም ነው። ኮፒውን አግኝቶ እያንዳንዷን ፍሬም እያየ አጥንቶታል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን እንደ ኪንግ ኮንግ ትንሽ ሞዴል በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሰ ፍሬም በፍሬም እየቀረጸ አልሰራም? ጎድዚላን ሆኖ የሚጫወት ላስቲክ የለበሰ ሰው እኮ ያስቃል

መልስ፦ እሱማ እንደዛ ነበር የፈለገው፣ ግን ዓመታት የሚፈጅ ስራ ነው፣ ስቱዲዮው ቶሆ ደሞ የሰጠው ወራት ብቻ ነው። የጎድዚላው ልብስ ውስጥ የገባው ተዋናይ ሃሩኦ ናካጂማ 100 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ልብስ ተሸክሞ በዛ ሁሉ መብራት ሙቀት ነው የተራመደው፣ ሲያወልቀው ላቡ ይቀዳ ነበር። ወንድሜ የጹቡራያ ችሎታ ያለው ልብሱ ላይ ሳይሆን ጊዜው ላይ ነው። ህንጻዎቹ ከእውነተኛው 25 ጊዜ ያንሳሉ፤ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ነገር መሬት ለመድረስ 0.6 ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጅበት፣ ከ50 ሜትር የወደቀ ግን ከ3 ሰከንድ በላይ ይፈጃል፣ ስለዚህ ሞዴሉን በተለመደው ፍጥነት ከቀረጽከው ፍርስራሹ ቱር ብሎ ይወድቅና አሻንጉሊትነቱ ወዲያው ይታወቃል። ካሜራው በሰከንድ ከተለመደው 24 ፍሬም በላይ ከቀረጸና በ24 ካሳየኸው ግን ሁሉም ነገር ቀስ ብሎ በክብደት ይወድቃል። ጹቡራያ ይሄን በደንብ የገባው ሰው ነበር።

ጥያቄ፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፕሮፓጋንዳ ሰርቷል?

መልስ፦ አዎ፣ ይሄ መደበቅ የለበትም። ጃፓን በ1941 በአሜሪካ የባህር ኃይል ሰፈር በፐርል ሃርበር ላይ ያደረሰችውን ጥቃት በ1942 በሞዴል መርከብና አውሮፕላን ሰርቶ ለመንግስት ፊልም አቅርቧል፣ በዚሁ ጦስ ነው ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖች አገሩን ሲያስተዳድሩ በ1948 ከቶሆ የተባረረው። እኔን ሁሌም የሚከብደኝ ግን ጥቃቱን ያሞገሰበት እጁ በ1954 ቶኪዮ ስትነድ ማሳየቱ ነው፣ ያውም ከተማዋ በጦርነቱ በእውነት ከነደደች ገና 9 ዓመቷ ነው። በዛው ዓመት መጋቢት ላይ ደሞ አንድ የጃፓን አሳ አጥማጅ ጀልባ በአሜሪካ የሃይድሮጅን ቦምብ ሙከራ ተመርዞ ነበር፣ ተመልካቹ ጎድዚላን ያየው በዚህ ስሜት ነው።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ሳይኖር የአቶሚክ ፍንዳታ ጭስ እንዴት ይሰራ ነበር?

መልስ፦ በውሃ! በ1961 በወጣ ፊልም ላይ ገንዳ ሙሉ ውሃ ውስጥ ቀለም ለቀቁና ሲወርድ ቀረጹት፣ ምስሉን ሲገለብጡት እንደ እንጉዳይ ወደ ላይ የሚፈነዳ ደመና ሆነ።

ጥያቄ፦ ክርስቲያን ነበር ይባላል እውነት ነው?

መልስ፦ ካቶሊክ ነበር፣ ሚስቱም ካቶሊክ ናት።

ጥያቄ፦ ኡልትራማንስ፣ ከጭራቆች ጋር የሚዋጋው የቲቪ ጀግና?

መልስ፦ በ1963 የራሱን ካምፓኒ አቋቁሞ በ1966 በቲቪ ያወጣው ነው። ከዛ ብዙም አልቆየ፣ ጥር 1970 በ68 ዓመቱ አረፈ።

ጥያቄ፦ ከየቱ ልጀምር?

መልስ፦ ከ1954ቱ ጎድዚላ፣ ግን ዋናውን የጃፓኑን እይ፣ አሜሪካኖች በ1956 ቆራርጠው የራሳቸውን አክተር የጨመሩበት አለና እንዳትሳሳት። የከፍተኛ ኃይል ምሰሶዎቹ ግለው ሲጎብጡ ደሞ አቁመህ ተመልከት፣ ከሰም ሰርተው ነው በሙቀት ያቀለጧቸው።