ጠይቁን፦ ጣና የለመደ መንጠቆ ጅቡቲ ላይ ይሰራል ወይ?

ጾመ ነቢያት ስለደረሰ ነው መሰለኝ የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁ ሁሉ የአሳ ሆነዋል። አንደኛው ከጣና አልፎ ባህር ድረስ ስለወሰደኝ እሱን ሰፋ አድርጌዋለሁ፣ ሌሎቻችሁ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? የባህር ዳር ልጅ ነኝ፣ የከባድ መኪና ረዳት ሆኜ ጅቡቲ እመላለሳለሁ። ጭነት እስክናገኝ ፒኬ 12 የሚባለው የጅቡቲ መኪና ማቆሚያ ላይ ስንጋደም ነው የምንውለው። ልጅ ሆኜ ጣና ዳር በናይሎን ክር ቆሮሶና አምባዛ እይዝ ነበር፣ አሁን ኅዳር ላይ ስወርድ ባህሩ ላይ ብሞክር ያዋጣኛል? ክሬስ ይችላል?

መልስ፦ ወንድሜ ወቅቱስ ጥሩ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ቢሆን ኖሮ ተወው እልህ ነበር፣ ያኔ ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ከበረሃው አሸዋ እያነሳ ይለበልብሃል፣ የባህሩ ውሃ ራሱ ከ30 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ከጥቅምት መጨረሻ ወዲህ ግን ሙቀቱ ይረግባል፣ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፉ አሳም ታጁራ ባህረ ሰላጤ የሚገባው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፣ እሱ ደግሞ ፕላንክተን የሚባሉትን ውሃው ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ተከትሎ ስለሚመጣ ውሃው ውስጥ የሚበላ ነገር አለ ማለት ነው። ከሰዓት ላይ ከምስራቅ በኩል ነፋስ ይነሳል፣ እሱን እንኳን ከጣና ታውቀዋለህ፣ ስለዚህ በማለዳ ውጣ።

አንተን የሚያደናግርህ ሙላትና ጉድለቱ ነው። ጣና ከጥቅምት እስከ ሰኔ ድረስ ቀስ እያለ የሚወርደውን አንድ ሜትር ምናምን የጅቡቲ ባህር በስድስት ሰዓት ውስጥ ይወርደዋል፣ ከዛ ተመልሶ ይሞላል፣ ባብዛኛው በቀን ሁለቴ። ጠዋት ቆመህ ስትወረውርበት የነበረው ድንጋይ ቀትር ላይ ወይ ውሃ ውስጥ ገብቶ ታገኘዋለህ ወይ ደርቆ። ሰዓቱ ደግሞ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል፣ ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከሞላ ነገ 2 ሰዓት ሊሆን ምንም አይቀረው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ጭራሽ ስትጠፋ ልዩነቱ ይሰፋል፣ ግማሽ ስትሆን ይጠባል። አሳው የሚበላው ውሃው ሲንቀሳቀስ ነው፣ በተለይ ሊሞላ እየገባ እያለ፣ ሞልቶ ወይ ጎድሎ ቀጥ ሲል መንጠቆህን ሰብስበህ ሻይ ጠጣ። በነገራችን ላይ ይሄ የሁሉም ቀይ ባህር ጠባይ እንዳይመስልህ፣ ፖርት ሱዳን አካባቢ ሙላትና ጉድለቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ክሩን በተመለከተ፣ የቆሮሶ ክር አይበቃህም። ባራኩዳ የሚባለው አሳ ጥርሱ ስለት ነው፣ ናይሎኑን ቆርጦት ሲሄድ እንኳን አይታወቅህም፣ ስለዚህ ከመንጠቆው በላይ አንድ ስንዝር ቀጭን ሽቦ አስገባ። ሜሩ የሚሉት አሳ ደግሞ መንጠቆውን እንደዋጠ ኮራል የሚባለው የባህር ድንጋይ ስር ገብቶ ይወሸቃል፣ እሱ ወፈር ያለ ክር ይፈልጋል፣ ትንሽ ላላ ካደረግክለት አለቀ። ትሉን እዚሁ ተወው፣ እዛ ሰርዲን ወይም የስኩዊድ ቁራጭ ይሻላል። ቤት ስትገባ ዕቃህን ሁሉ በጨው አልባ ውሃ እጠብ፣ ካልሆነ መንጠቆህ በሁለት ቀን ውስጥ ዝጎ ታገኘዋለህ።

ሌላው በባዶ እግር የሚባል ነገር የለም፣ ጣና ላይ የሚያሰጋህ ጉማሬ ነው፣ እሱም ከሩቅ ይታያል። እዛ ግን ጥልቀት በሌለው ውሃ ድንጋይ መስሎ የሚተኛ አሳ አለ፣ ጀርባው ላይ ያለው እሾህ መርዝ ነው፣ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርግ። ከወጋህ እግርህን ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረህ ወደ ሀኪም። ስትይዘው እንደ ፊኛ የሚነፋውን አሳ ደግሞ ወደ ባህሩ መልሰው፣ መርዙ በመቀቀልም በመጥበስም አይጠፋም። ቱና ከያዝክ ወዲያው በረዶ ውስጥ፣ ፀሀይ ላይ ከቆየ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይፈጠርበታል፣ ፊት ያቀላል ራስ ያዞራል፣ እሱንም እሳት አያጠፋውም። ወደብ ግቢ ውስጥ እንዳትሞክር፣ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶችም ጥብቅ ናቸው፣ ሌላ ቦታም ቢሆን መጀመሪያ የአካባቢውን አስጋሪዎች ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ጾሙ ሲገባ ገበያው ላይ የከረመ አሳ ይሸጥልኛል። ትኩሱን በምን ልለየው? ከቀበሌ 4 የቤት እመቤት

መልስ፦ እህቴ፣ አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ልተወውና፣ በተፈለፈለ ስጋ አትታለይ፣ ሙሉውን ግዢና እዛው ይፈልፍሉልሽ። ጉንጩን ከፈት አድርጊው፣ ውስጡ ደማቅ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው፣ ቡናማ ከሆነና ከተዝለገለገ ጥለሽው ሂጂ። አይኑ ወጣ ያለና የጠራ ይሁን፣ ሆዱን በጣትሽ ስትጫኚው ይመለስ። ሌሊቱን ሲነፍስ ካደረ ጀልባ ስለማይወጣ የዛን ቀን ጠዋት «ትኩስ ነው» የሚልሽን ሰው መቼ እንደተያዘ ጠይቂው።

ጥያቄ፦ ከፎገራ ነኝ። ክረምት ላይ ጉማራ ወንዝ አፍ መረብ አትጣሉ ይሉናል፣ አሳው ግን የሚበዛው ያኔ ነው። ለምን ተብሎ ነው?

መልስ፦ የሚበዛው እኮ ሊራባ ስለመጣ ነው! ነጭ አሳ የምንላቸው የባርበስ ዘሮች ሐይቁ ውስጥ ተበትነው ከርመው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ የመሳሰሉት ወንዞች ይወጣሉ፣ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹህ ውሃ የሚፈስበት ጠጠር ላይ ነው። በጠባቡ የወንዝ አፍ ላይ መረብ ስትዘረጋ እንቁላል የያዘችውን እናት እየለቀምክ ነው፣ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ላይ የሚበትኑት ደግሞ ጫጩቱንም ጨምረው ይፈጁታል፣ በመርዝ ማስገር በህግም ክልክል ነው። ከእነዚህ ዘሮች ብዙዎቹ ከጣና ውጭ የትም አይገኙም፣ እዚህ ካለቁ ከሌላ ሐይቅ አምጥተን አንተካቸውም። እኔ ብሆን እስከ ጥቅምት መጨረሻ ወንዙን ትቼ ሐይቁ ላይ ሰፋ ባለ ቀዳዳ መረብ ቆሮሶ እይዛለሁ፣ አሁን ግን ኅዳር ገብቷል፣ ባርበሱም ወደ ሐይቁ ተመልሷል፣ ቀዳዳው ሰፊ ይሁን እንጂ እዛው ሐይቁ ላይ መያዝ ትችላለህ።