ሲከፋው የሚበላ ልጅ

ልጆቼ፣

ባሕር ዳር ላይ ሳይኮሎጂ የምትማሩም፣ ቤት ውስጥ ታናናሾቻችሁን የምትይዙም ይህን አንብቡልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከልጆችና ከወላጆች ጋር ስሠራ ኖሬአለሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ልጅ ባለቀሰ ቁጥር ብስኩት አታስይዙት።

እሁድ ከሰዓት ታና ዳር ብትወጡ ታዩታላችሁ። ልጁ ወድቆ ጉልበቱ ይላጣል፤ ወዲያው ቺፕስ ይከፈትለታል። ይሰለቻል፤ ለስላሳ ይመጣለታል። ዝም ሲል ሁሉም እፎይ ይላል። የሚሰጠው ሰው ክፋት የለውም፣ ከፍቅር ነው። ልጁ ግን ሲከፋው ምን እንደሚደረግ እየተማረ ነው።

ሂልደ ብሩክ የተባለች የሥነ አእምሮ ሐኪም ይህን ከብዙ ዓመታት በፊት ጽፋዋለች። ሕፃን ሲፈራም ሲደክመውም ምግብ ብቻ ከተሰጠው፣ አድጎም ረሃቡን ከሌላው ስሜቱ መለየት ያቅተዋል ትላለች። እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን የመንታዎቹ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝና በዌልስ የተወለዱ መንታዎችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ ልጅ ቶሎ መጥገቡ ወይም አለመጥገቡ በአብዛኛው ከዘር እንደሚመጣ አዩ። ሲከፋው መብላቱ ግን በዋናነት ከሚያድግበት ቤት የሚመጣ ሆነ። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ቤት ውስጥ የተለመደ ነገር ቤት ውስጥ ሊቀየር ይችላላ!

«ታዲያ ሲያለቅስ ዝም ብለን እንየው?» ትሉኝ ይሆናል። በፍጹም። ለቅሶ ቤትን አስቡ። ጎረቤት እንጀራና ወጥ ይዞ ይመጣል፣ «እህል ቅመሱ» ይላል። ግን አብሮ ያለቅሳል፣ አብሮ ይቀመጣል፣ ስለ ሟቹ ያወራል። ምግቡ የመጣው ኀዘኑን ሊያፍን አይደለም። ለልጅም እንደዚሁ አድርጉ። አጠገቡ ቁጭ በሉና «ተናደድክ? ፈራህ? ማን ምን አለህ?» በሉት። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚባለውን ተዉት። ስሜትን የሚያጠናው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ግሮስና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ስሜቱን የሚያፍን ሰው ፊቱ ቢረጋጋም ውስጡ አይረጋጋም፤ ሰውነቱ እንዲያውም ይበልጥ ይወጠራል።

ጣፋጩን ጨርሶ መከልከልም አይበጅም። ሊያን በርች የምትባል ተመራማሪ እንዳየችው ልጆች የተከለከሉት ምግብ ይበልጥ ያምራቸዋል።

እናንተም ፈተና ሲደርስ ራሳችሁን ታዘቡ። የሆድ ረሃብ ቀስ እያለ ይመጣል፣ ሽሮም ቢሆን እሰየው ይላል። የስሜት ረሃብ ድንገት ይነሳል፣ ያንኑ ኬክ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ያን ጊዜ ወጣ ብላችሁ ተራመዱ፣ ወይ ለጓደኛ ደውሉ።

ሲከፋ መብላት ሊያወፍር ቢችልም፣ ውፍረት ሁሉ ከስሜት አይመጣም። ዘር፣ እንቅልፍ፣ እንቅስቃሴ፣ ሱቁ የሚሸጠው ነገር ሁሉ ድርሻ አላቸው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት፣ ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት የዓለም ልጆች ከመጠን ያለፈ ክብደት የነበራቸው በ1990 እ.ኤ.አ. 8 በመቶ ነበሩ፤ በ2022 ግን 20 በመቶ ሆኑ። እኛ አገር መቀንጨሩም ገና አልለቀቀንም። ለዚህ ይመስለኛል ወፈር ያለ ልጅ ስናይ «ተመችቶታል» ብለን የምናልፈው።

ትምህርት ቤት ግን ያሾፉበታል። ከተሾፈበት በኋላ ተደብቆ የሚበላ ልጅ ብዙ አይቻለሁ። ነገ ባለሙያ ስትሆኑ ሚዛን ላይ ከማቆማችሁ በፊት ስለ እንቅልፉና ስለ ክፍል ጓደኞቹ ጠይቁት። እናቱንም እንደ ጥፋተኛ አታናግሯት። ልጁ ሲያለቅስ ቤት ውስጥ ማን ምን እንደሚያደርግ ብቻ እንድታጫውታችሁ ጠይቋት።