ሃርድዌር ኢንጂነር ለመሆን ምን ልማር?

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስመረቅ ሃርድዌር ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ትምህርታችን ግን ከወረቀት ብዙም አይወርድም፤ በላብ ሰዓትም አንዱን ቦርድ ለብዙ ነው የምንካፈለው። በራሴ ምን ብማር ይጠቅመኛል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሥራው በሁለት ይከፈላል። አንዱ ቺፑን ራሱን መንደፍ ነው፤ ሌላው የተሠሩ ቺፖችን ቦርድ ላይ አቀናጅቶ የሚሠራ ዕቃ ማውጣት። ወደየትኛውም ብታዘነብዪ መጀመሪያ የኃይል አቅርቦትን አጥብቀሽ ያዢ። ተማሪዎች የሚንቁት እሱን ነው፤ ብዙ ቦርድ የሚበላሸውም በእሱ ነው።

ከ12 ቮልት ቻርጀር 5 ቮልት ለማግኘት 7805 ሬጉሌተር (ቮልቴጅን ዝቅ አድርጎ በአንድ ልክ የሚያቆይ ቺፕ) አስገባሽ እንበል። ቦርድሽ ግማሽ አምፔር ይስባል። የተረፈው 7 ቮልት የትም አይሄድም፤ ሬጉሌተሩ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። 7 በ0.5 ሲባዛ 3.5 ዋት ነው። ዳታሺቱን (የአምራቹን የመረጃ ወረቀት) ስታገላብጪ፣ ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያወጣ ብረት) ካልታሰረለት ለእያንዳንዱ ዋት 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እንደሚግል ታገኛለሽ። ስታባዢው ከ220 ዲግሪ ያልፋል፤ ቺፑ ውስጡ የሚችለው ግን እንደ አምራቹ 125 ወይም 150 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ራሱን ያጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል፣ እንደገና ይጠፋል። ባለቤቱ ደግሞ ቦርዱ ሪሴት ባደረገ ቁጥር ጥፋቱን ኮዱ ውስጥ ሲፈልግ ያድራል። ዕቃው ሳይገዛ የሁለት መስመር ስሌት ይበቃው ነበር፤ ለዚህ ቦታ የሚሆነው በፍጥነት እየበራና እየጠፋ ቮልቴጁን የሚቀንሰው፣ ብዙም የማይግለው ስዊቺንግ ሬጉሌተር ነው።

ቀጥሎ ቦርድ መሣል። ቦርድ መሣያው ፕሮግራም ኪካድ ነፃ ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። በእያንዳንዱ ቺፕ የኃይል እግር ሥር 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር (ትንሽ ኃይል አጠራቅሞ የሚይዝ ዕቃ) አስቀምጪ፤ "ሥር" ስንል ከእግሩ ጥቂት ሚሊሜትር ማለታችን ነው። ቺፑ በናኖሰከንድ ውስጥ ድንገት ከረንት ሲጠይቅ ከሩቅ የሚመጣው አይደርስለትም፣ ቮልቴጁ ይወርዳል። ንድፉን ለፋብሪካ ከመላክሽ በፊት በትክክለኛ መጠኑ ወረቀት ላይ አትሚውና ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ላዩ ላይ አስቀምጪያቸው። እግሩ የተገለበጠ ኮኔክተር የሚያዘው እዚህ ነው።

ወደ ቺፕ ንድፍ ካደላሽ ቬሪሎግን፣ ማለትም ሃርድዌር የሚገለጽበትን ቋንቋ፣ ተማሪ። ንድፉን ኮምፒውተር ላይ የሚሞክረው ኢካሩስ ቬሪሎግና የሲግናሉን ቅርጽ የሚያሳየው ጂቲኬዌቭ በነፃ ስለሚገኙ ቦርድ እስኪገኝ መጠበቅ የለብሽም። ጥሩ የመጀመሪያ ሥራ የዩአርት (ዳታን ቢት በቢት በአንድ ሽቦ የመላኪያ ዘዴ) ላኪ ነው፦ ክሎኩ (የቺፑ የጊዜ ምት) 50 ሜጋኸርዝ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 9600 ቢት ቢሆን አንዱ ቢት 5208 ክሎክ ይቆያል። ቆጣሪሽ ከ0 እስከ 5207 ይሂድ። እስከ 5208 ብታስኬጂው በዚህ ፍጥነት ምንም አይታወቅም፤ ፍጥነቱን በጣም ስትጨምሪ ግን ያቺው አንዲት ክሎክ የተዛባ ፊደል ታመጣለች። ቬሪሎግን እንደ ፓይተን ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ትእዛዝ አድርጎ ማየት ዋናው ወጥመድ ነው። ክሎክ በሌለበት ብሎክ ውስጥ "ኤልስ" የሌለው "ኢፍ" ከጻፍሽ ሳታስቢው ላች (የቀድሞውን ዋጋ ይዞ የሚቆይ ማስታወሻ) ይፈጠራል፤ ሲሙሌሽኑ አልፎ ቦርዱ ላይ ሊያስቸግርሽ ይችላል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፕ በመጠገን ነው የምተዳደረው። ዲግሪ የለኝም። ከጥገና ተነስቼ ሃርድዌር ኢንጂነር መሆን ይቻለኛል? (ከመርካቶ)

መልስ፦ ቺፕ ንድፍ ላይ ያለ ዲግሪ መግባት ከባድ ነው፤ ቦርድ መንደፍና መፈተሽ ላይ ግን ሠርተው የሚያሳዩት ነገር ብዙ በር ይከፍታል። ብልሽት የማደን ልማድዎ ብዙ ተመራቂ የሌለው ሀብት ነው። የቀረዎት "ለምን?" ነው። የ19 ቮልቱ መስመር ሾርት ሆኖ አንድ ካፓሲተር ሲነቅሉ ላፕቶፑ ከተነሳ ደንበኛው ይሄዳል። እርስዎ ግን ይጠይቁ፦ ስንት ቮልት የሚችል ነበር? ሴራሚክ ካፓሲተር ቮልቴጅ ሲጫነው አቅሙ ከግማሽ በላይ ሊወርድ እንደሚችልስ ንድፉ አስቦበታል? የሲፒዩ መስመር ላይ ጥቂት ኦም፣ አንዳንዴም ከ1 ኦም በታች ማንበብ በጤነኛ ቦርድም ያለ ነው። ሾርት ነው ብሎ እዚያ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ መስጠት ሲፒዩውን ይገድለዋል። ከዚህ ጎን አልጀብራ፣ ኮምፕሌክስ ቁጥርና ትንሽ ካልኩለስ ይከልሱ።

ጥያቄ፦ ከየትኞቹ መሣሪያዎች ልጀምር? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ከመልቲሜትርና ሙቀቱ ከሚስተካከል ሶልደሪንግ አይረን። 63 በመቶ ቆርቆሮ፣ 37 በመቶ እርሳስ የሆነው ሶልደር በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ጫፉን ግን ከ320 እስከ 350 ያድርጉት። ሁለት ሦስት ሰከንድ ነክቶ ካልያዘ ሙቀት ከመጨመር ይልቅ ፍላክስ (ብረቱን አጽድቶ ሶልደሩ እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) ይጨምሩ፤ አለዚያ መዳቡ ከቦርዱ ይላቀቃል። ቀጥሎ 8 መስመር ያለው 24 ሜጋኸርዝ ሎጂክ አናላይዘር (የዲጂታል ሲግናል መመዝገቢያ) ይግዙ፤ ርካሽ ነው፣ አይቱሲ የተባለውን የቺፖች መገናኛና ዩአርትን በደንብ ያሳያል። የሚያሳየው ግን 0 እና 1 ብቻ ነው። ቮልቴጁ ለአፍታ ከ3.3 ወደ 2.6 ቢወርድ ለእሱ 1 ሆኖ ሊያልፍ ይችላል፤ ያንን የሚይዘው የቮልቴጁን ውጣ ውረድ በስክሪን የሚስለው ኦሲሎስኮፕ ነው።